የአገጭ ፀጉሬን ያከመልኝ የቆዳ ክሊኒክ፦ ከስድስት ቀጠሮ በኋላ

ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ አገጬ ላይ የሚበቅለውን ጥቁርና ጠንካራ ፀጉር በየሁለት ቀኑ በወረንጦ እየነቀልኩ ኖሬአለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ነጠላዬን እስከ ከንፈሬ መሸፈን ልማዴ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ የውበት ሳሎን የቆዳዬን ዓይነት እንኳ ሳይመረምር ሌዘር ሠርቶልኝ ወራት የቆየ ጥቁር ምልክት ስለተወብኝ፣ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኘው ወደዚህ የቆዳ ክሊኒክ የሄድኩት እየፈራሁ ነው።

ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ «እህቴ፣ የወር አበባሽ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል?» ብላ ነበር። አንዳንዴ ሦስት ወር እንደሚቀር ስነግራት የሆርሞን የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ፤ ውጤቱም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተባለ የሆርሞን መዛባት እንዳለብኝ አሳየ። በሴቶች ፊት ላይ እንዲህ ያለ ፀጉር ከሚያመጡ ምክንያቶች ዋነኛው ይህ እንደሆነና አንድሮጅን የተባሉት፣ በወንዶች የሚበዙት ሆርሞኖች ካልተስተካከሉ ሌዘሩ ያለውን ቢያጠፋም አዲስ መብቀሉን እንደማያስቆም በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ያናገረኝ ባለሙያ ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

የሌዘር ብርሃን የሚያነጣጥረው በፀጉሩ ውስጥ ባለው ሜላኒን (ለፀጉርና ለቆዳ ቀለም በሚሰጠው ንጥረ ነገር) ላይ ስለሆነ፣ ቆዳችን ራሱ ሜላኒን ለበዛበት ለእኛ የማሽኑ ዓይነት ትልቅ ነገር ነው። ክሊኒኩ የሚጠቀመው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ኤንዲ ያግ የተባለ ሌዘር ሲሆን፣ ይህ ብርሃን አሌክሳንድራይት ከሚባለው ከ755 ናኖሜትሩ ሌዘር ይልቅ በላይኛው ቆዳ ላይ የሚዋጠው በጥቂቱ በመሆኑ ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ ደህንነት አለው። መጀመሪያ ከጆሮዬ ሥር በትንሽ ቦታ ሞክረው ቆዳዬ እንዴት እንደሚሆን ጠበቁ። ሕመሙ ከከሰል ምድጃ የተፈናጠረ ብልጭታ ቆዳ ላይ ያረፈ ያህል ነው፤ የተለበለበ ፀጉር ሽታም አለው።

በቀጠሮዎቹ መካከል በወረንጦ መንቀል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሌዘሩ የሚሠራው ሥሩ ሲኖር ነውና። በምላጭ መላጨት ግን ይፈቀዳል፤ መላጨት ፀጉርን ያወፍራል የሚባለው እውነት አይደለም።

አሁን አገጬ ላይ የቀሩት ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች ናቸው፤ አንገቴ ላይ ያለው ለውጥ ግን ገና ትንሽ ነው። ክፍያው በየቀጠሮው በመሆኑ ጠቅላላ ወጪው ከመነሻው ቢነገር መልካም ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮዬ እንግዳ ተቀባይዋ ሰው በሞላበት አዳራሽ ስሜን ጠርታ «የጺም ሌዘር» ስትል አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፤ ለሐኪሟም ነገርኳት። ከአራተኛው ቀጠሮ ጀምሮ የምንጠራው በካርድ ቁጥር ብቻ ነው።