በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውን «የጭማቂ ማቆያ» እንዳትገዙ
ጭማቂ፣ አዋዜ ወይም የቲማቲም ድልህ እያዘጋጃችሁ ለምትሸጡ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ሁሉ፦ ሰሞኑን በገበያ «ሶዲየም ቤንዞዌት ነው» (ምግብ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው) እየተባለ፣ ከጆንያ እየተሰፈረና ምንም ጽሑፍ በሌለው ፌስታል እየተቋጠረ የሚሸጠውን ነጭ ዱቄት እንዳትገዙ አጥብቄ አሳስባለሁ።

እኔ ዋጋው በግማሽ ረክሶ ስላገኘሁት አንድ ኪሎ ገዛሁና ከዘጌ በመጣ ሎሚ ባዘጋጀሁት 20 ሊትር ጭማቂ ላይ 20 ግራም ጨመርሁ። ስጨምረው ጥቂት አረፋ አይቼ ነበር፤ ከማማሰሉ የመጣ መስሎኝ አለፍሁት። በዘጠነኛው ቀን የጠርሙሶቹ ክዳን በጋዝ ተነፍቶ፣ ጭማቂው የእርሾ ሽታ አምጥቶ ስላገኘሁት ሁሉንም ደፋሁት።

ከዚያ በኋላ የተረፈውን ዱቄት መረመርሁ። ሶዲየም ቤንዞዌት በውኃ እጅግ በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ 20 ግራሙ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለ ዝቃጭ ይጠራል፤ የእኔው ግን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጠመኔ ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ አደረ። በእውነተኛው ብጥብጥ ላይ ሎሚ ቢጨመር አሲዱ ቤንዞዌቱን በውኃ እምብዛም ወደማይሟሟው ቤንዞይክ አሲድ ስለሚለውጠው ነጭ ቅንጣት ይወጣዋል እንጂ አይፈላም። የእኔው ሎሚው እንደነካው ተንተክትኮ አረፋ ደፈቀ፤ ይህም የካርቦኔት፣ ማለትም እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ውህድ፣ ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ፈተና ያለፈ ዱቄት ሁሉ ለምግብ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ለኢንዱስትሪ የተመረተው ቤንዞዌትም እንዲሁ ይሟሟልና፣ ንጽሕናውን ዓይን አይለይም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ሻጩ «ለወተትም ለዓሣም ይሆናል» ማለቱ ነው። ቤንዞዌት እርሾንና ሻጋታን የሚገታው የአሲድነት መለኪያው፣ ማለትም ፒኤች፣ ከ4.5 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል)። ሎሚ ወደ 2.5 ገደማ ስለሆነ ይስማማዋል፤ ወተት ግን ወደ 6.6 ይጠጋል፣ ትኩስ ዓሣም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከጣና ዳር ቆሮሶ ገዝቶ በረዶ ከማድረግ ይልቅ በዚህ ዱቄት የሚተማመን ሰው የተበላሸ ዓሣ ለልጆቹ ሊያቀርብ ይችላል።

እውነተኛውንም ቢሆን በግምት አትጨምሩ። የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን 0.1 በመቶ፣ ማለትም በኪሎ አንድ ግራም ሲሆን፣ ለመጠጥ ከዚህም ያነሰ የሚፈቅዱ አገሮች አሉ፤ ስለዚህ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ስፈሩት። አስቀድሞ በጥቂት ውኃ ይሟሟ፣ ከዚያ እየተማሰለ ቀስ ተብሎ ይጨመር። ቤንዞዌትና ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በብርሃን አንድ ላይ ሲቆዩ ቤንዚን የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) በጥቂቱ ሊፈጠር ስለሚችል የሎሚ ጭማቂን ፀሐይ ላይ አትደርድሩ።

ስትገዙ የአምራቹ ስም፣ «ለምግብ» የሚለው ደረጃ፣ የመለያ ቁጥሩ 211፣ የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን ያለበትን የታሸገ ዕቃ ጠይቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። እኔ ደረሰኝ ሳልይዝ ስለተመለስሁ ሻጩ «ቤትህ እርጥበት ነክቶት ነው» ብሎ ሸኝቶኛል። ከእንዲህ ያለ ጆንያ ገዝታችሁ ምርታችሁ ላይ የጨመራችሁ ካላችሁ፣ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ሳይጣራ ያን ምርት ለማንም አትሽጡ።