ለችግኝ ድንኳን፦ የፕላስቲክ ክዳን ወይስ የጉም ማሽን?

በሜሪላንድ የጥር ብርድ የቤት ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲሠራ አየሩ ክው ብሎ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ችግኝ በማፈላበት ድንኳኔ የሰቀልኩት የእርጥበት መለኪያ 28 በመቶ ሲል አይቻለሁ። ሁለት ቅጠል ብቻ ላወጣ ቃሪያ የሚስማማው ከ60 እስከ 70 ነው።

በትሪው ላይ የሚደፋው የፕላስቲክ ክዳን ርካሽ ነው፣ መብራትም አይበላም። ከአፈሩ የተነነው ውሃ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ የሚወዳደረው የለም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አየር ስለማይዘዋወር ሻጋታ ይመቸዋል። አንዴ ሦስት ቀን ሳልከፍተው ረስቼ፣ የሐበሻ ጎመኔን ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ ተጋድሞ አገኘሁት። እንዲህ የወደቀ ችግኝ አይነሳም።

ውሃን ወደ ጉም የሚቀይረው ማሽን መቆጣጠሪያ ካለው 65 ላይ ታስተካክለዋለህ፤ እዚያ ሲደርስ ራሱ ያቆማል። ማራገቢያውም አብሮ መሥራት ይችላል። ግን ጋኑ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ የቧንቧ ውሃ ከሞላህበት ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነሳል። ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ (distilled) ይሻላል።

ለአንድ ትሪ ብቻ ማሽን መግዛት ብር መጣል ይመስለኛል። ክዳኑን ድፋ፤ አብዛኛው ብቅ ሲል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈትክ አንሳው። ድንኳኑ ሙሉ ችግኝ ከሆነ ግን ማሽኑ ያዋጣል። የእኔን ማሽን ባለቤቴ ለልጁ ጉንፋን ወስዳው እስካሁን አልመለሰችም።