ክሬሙን ተዉት፣ ጭኮውን እዘዙ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቻችሁ ጋር ጣፋጭ ፍለጋ ከወጣችሁ፣ መስታወቱ ውስጥ የተደረደረውን ባለ ክሬም ኬክ እለፉት። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትሪ አለ። ጨርቁን ግለጡልን በሉ። ጭኮ ነው።

የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ኬክ ቤት ነው። ወደ ደሴ ከሚወስደው ዋና አስፋልት ገባ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ ናት። እኛ «ማዕዘኗ» እንላታለን። ትክክለኛ ስሟን አልጽፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር የሚጠፋው እንዲሁም ነው፤ በገዛ እጄ ተጨማሪ ተፎካካሪ አልጠራም።

እኛ ማለት አራት ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ሒሳብ ያስተምራል፣ አንዱ የኮንስትራክሽን ዕቃ ሱቅ አለው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስፈትሽ ስለምውል፣ ቅዳሜም አመሌ አይለቀኝም። ኬክ ቤት ገብቼ እንኳን መጀመሪያ የማየው የዋጋ ዝርዝሩን ነው። ዋጋ ግን እዚህ አልጽፍላችሁም። እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል።

ስለ ክሬም ኬኩ ጭካኔዬን ላስረዳ። ጥፋቱ የዚች ቤት ብቻ አይደለም፣ የከፍታውም ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ላይ ገደማ ይፈላል። ኬክ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ቶሎ ይነፋል። ውስጡ ሳይጠና መሃሉ ዝቅ ይላል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። በስልክ ከሚታዩት ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሚያሳዩት አሠራር ለቆላ አገር የተለካ ነው። ያንን እንዳለ የወሰደ ጋጋሪ እዚህ ይቸገራል። ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን መጨመር፣ ስኳሩንም ትንሽ መቆንጠር ያስፈልጋል። የማዕዘኗ ጋጋሪ ይህን ግማሽ መንገድ ድረስ ደርሶበታል። ኬኩ አይሰምጥም፤ ግን ይደርቃል። ድርቀቱን ለመሸፈን ክሬም ይከመርበታል። ክሬሙ ደግሞ ወፍራምና ቅባት የበዛበት ነው፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ብርድ አይቀልጥማ! ሁለት ጉርሻ በልቼ ሹካዬን አስቀምጣለሁ። ነርሷ ግን ትጨርሰዋለች። እሷ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ስኳር በማንኛውም መልኩ ከመጣላት አትመርጥም።

ሚልፎልዬው ይሻላል። ጠዋት ከሆነ ቅጠል ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን መሃሉ ያለው ክሬም ያረጥበዋል፣ አትድከሙ። ቦምቦሊኖው ሲወጣ ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ዱቄት ስኳሩ እጃችሁ ላይ፣ ሹራባችሁ ላይ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ላይ ሁሉ ይነሰነሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ጎማ ነው።

አሁን ወደ ጭኮው።

«አበበ በሶ በላ» እያልን ያደግን ሁሉ በሶ እናውቃለን። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በውሃ ይበጠበጣል ወይ ይጨበጣል። ጭኮ የዚሁ በሶ የድግስ ልብሱ ነው። በውሃ ምትክ የተነጠረ ቅቤ ይገባበታል። ቅቤው ውስጥ ኮረሪማ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ ኮሰረት አለ። በእጅ እየታሸ፣ ዱቄቱ ቅቤውን ጠጥቶ መልሶ እስኪያወዛ ድረስ ነው። ውሃ ስለማይነካው አይበላሽም። ማቀዝቀዣ ሳይፈልግ ይሰነብታል። ድሮ መንገደኛ የሚሰንቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ገብስ በሚያበቅል ደጋ አገር፣ ቅቤውም ከቅርብ በሚመጣበት ከተማ፣ ኬክ ቤት ገብቶ ማርጋሪን መብላት አይገባኝም።

የማዕዘኗ ባለቤት እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ኬኩን የሚጋግረው ልጃቸው ነው፣ ጭኮውን ግን ለማንም አይሰጡም። ራሳቸው ያሹታል። ትሪ ላይ ጠቅጥቀው፣ እንደ ባቅላባ ሰያፍ ሰያፍ አድርገው ይቆርጡታል። በትንሽ የሻይ ሳሕን ከነሹካው ይመጣል። የመጀመሪያው ንክሻ ይፈርሳል፣ የገብሱ የቁሌት ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ኮረሪማው። መጨረሻ ላይ ጨው ብጤ ይቀራል። በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ሲጠጣበት፣ አቤት!

አንድ ነገር ግን ጠረጴዛችንን ለሁለት ከፍሎታል። እትዬ ላዩ ላይ ማር ጠብ ያደርጉበታል። ብዙ አይደለም፣ አንድ መስመር ብቻ። መምህሩ ጓደኛችን የመንዝ ልጅ ነው፣ ይህን አይምርም።

«እትዬ፣ ጭኮ ላይ ማር ማን አስተማረዎት?»

«አንተ ዝም ብለህ ብላ። ማር ያልፈለገ ከዳር ይቁረጥ።»

ከዳር ይቆርጣል። ከዚያ መሃሉን የበላው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የኔ አስተያየት? ማሩ ከጨዉ ጋር ሲገናኝ ጥሩ ነው፤ ኬክ ቤት መጥቼ ጣፋጭ ሳልቀምስ አልሄድም የሚል ሰው ልቡ ይደርስለታል። ያለ ማር የሚፈልግ አስቀድሞ ይናገር። አንዳንዴ እጃቸው ይከብድና ሳሕኑ ላይ ኩሬ ይሠራል፣ ያኔ የገብሱ ጣዕም ይጠፋል።

የጾም ነገር ላይ ቤቷ ደካማ ናት። ጭኮው ቅቤ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ጨርቁ አይገለጥም። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሙሉ ትሪው ከባንኮኒው ይነሳል። በምትኩ የሚቀርበው የጾም ኬክ በዘይት የተሠራ ነው። ብርቱካን አለው ይባላል፤ ብርቱካኑን ግን ያየነው ላዩ ላይ የተቀመጠችው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። በጾም ከሄዳችሁ ስፕሪስ እዘዙ፣ ሻዩና ቡናው ግማሽ ግማሽ፣ ትኩስ ትኩሱን። አጠገቡ ሳምቡሳ። ምስሩ ደህና ተቀምሟል፣ ቃሪያውም አይሰስትም።

መጠጡን በተመለከተ ማኪያቶው ጥሩ ነው። ማሽኑ ውሃውን በግፊት ስለሚያሞቀው ከፍታችን አያሸንፈውም። ሻዩ ግን ይሸነፋል። 90 ዲግሪ ላይ የፈላ ውሃ ቅጠሉን ቶሎ አያወጣውም፣ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ተዉት። አስተናጋጁ ቸኩሎ ካመጣው «ወንድሜ፣ ትንሽ ይቆይልኝ» በሉት። አይከፋውም።

ብርዱን ሳላነሳ ብቀር የከተማው ሰው ይታዘበኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆረቁሩ የሰማዩን ብርሃን አይተው ነው ይባላል። ስለ ንፋሱ ያማከራቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው። ማዕዘኗ ውስጥ አንድ የከሰል ምድጃ አለ፣ ጀበናው የሚጣድበት። ከሱ ጎን ያለው ጠረጴዛ የጦር ሜዳ ነው። በር አጠገብ ያለው ደግሞ ሰው በገባ ቁጥር አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ባለሱቁ ጓደኛችን ቀድሞ ይሄድና ጋቢውን አንዱ ወንበር ላይ፣ ቁልፉን ሌላው ላይ፣ ኮፍያውን ሦስተኛው ላይ አስቀምጦ ይጠብቀናል። ሌላው ደንበኛ በዓይኑ ያርደዋል። እሱ ምን ተዳው።

የልደት ኬክ ትእዛዝ ይቀበላሉ። የነርሷን ልደት እዚያ ነው ያከበርነው። ሲመጣ ላዩ ላይ በደማቅ ቀይ «እንኳን ተወለድክ» ይላል። ጠረጴዛው በሳቅ ሊገለበጥ ደረሰ። ልጁ ተሯሩጦ በቢላዋ ጫፍ «ክ»ን ፋቀና «ሽ» አደረጋት። ክሬሙ ቀይና ነጭ ተቀላቅሎ ሮዝ ሆነ። እትዬ ለካሳ አንድ ሳሕን ጭኮ ላኩልን፣ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ካሳ ካለ ሁልጊዜ ይሳሳቱ። እናንተ ግን የሚጻፈውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።

ስለ ሂሳብ አንድ ምክር ልጨምር፤ ሙያዬ ነውና። እኛ አገር ሂሳብ ሲመጣ ጠብ ነው። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «በሞቴ!» «ኧረ አፈር ስሆን!» እየተባለ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ የማኪያቶ ብርጭቆ ይደፋል። አስተናጋጁ ብሩን ማንን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። እኛ ይህን በተራ ፈታነው። እንደ ዕቁብ ነው፣ ቅዳሜው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ተራው የደረሰ ሰው ምሳውንም ኬኩንም ይችላል፣ ሌላው እጁን ኪሱ ውስጥ አያስገባም። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ተራው የመምህሩ ሲሆን ሁላችንም በልክ እናዛለን። የባለሱቁ ሲሆን ሚልፎልዬ ይደገማል። ቤቷ ደረሰኝ ሳትጠየቅ ትሰጣለች፣ ይህን በጣም ወድጄዋለሁ።

ምሳ ያልኩት ከኬኩ በፊት ነው። ሥጋ ቤት ገብተን ጥብስ እናስቆርጣለን። የመንዝ በግ ከሆነ ሥጋው ጣፋጭ ነው፣ ላቱን ቁራሽ ጣል ካደረጉበት ሌላ ቅቤ አያስፈልገውም። ስለ ሥጋ ቤቱ ብዙ አላወራም። አንዴ የከፈልነው ኪሎ ግማሹ አጥንት ሆኖ ቀረበ፣ ቤት ቀየርን። ስትገዙ ሚዛኑ ላይ ቁሙ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

መኪና የተገኘ ቅዳሜ ደግሞ ጉዞው ወደ ጣርማ በር ይረዝማል። መቼም መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያ የመጡ ሹፌሮችን ሳትጠይቁ አትነሱ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ እዚያ ነው። በዚህ በኩል ፀሐይ ሆኖ ወጥታችሁ በዚያኛው በኩል ጉም ይውጣችኋል። ገደሉ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ቦምቦሊኖ አትወርውሩላቸው፣ ምግባቸው ሣር ነው።

ከዋሻው ወርዳችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎው ይጠብቃችኋል። መኪናው ሳይቆም መስኮቱ በእጅ ይሞላል። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። ገብሱ ተፈትጎ ስለሚቆላ ገለባ ጥርስ ውስጥ አይቀርም፣ እኩል ይበስላል። ከሽምብራ፣ ከሱፍና ከኦቾሎኒ የተቀላቀለም አለ። እኔ ንጹሑን ገብስ ነው የምመርጠው። ኦቾሎኒው ሲቀላቀል ሰው እሱን እየለቀመ ይጨርስና ሌላውን ለጎረቤት ይተዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ቅመሱ፣ ሻጮቹ ራሳቸው እፍኝ ይሰጧችኋል። ስትነክሱት ቀጭ ካለ ውሰዱ። ድምፅ ሳያወጣ ከተፈጨ ያደረ ነውና አመስግናችሁ ወደ ቀጣይዋ እለፉ። ከአንዷ ብቻ ሁሉንም አትግዙ፣ ሌሎቹ በዓይናቸው ይሸኟችኋል፤ ልብ ካላችሁ ቻሉት።

ያንን ቆሎ ይዘን ማዕዘኗ ብንገባ እትዬ አይቆጡም። ሌላ ኬክ ቤት «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ ሲያፈጥብን፣ እሳቸው ባዶ ሳሕን ያመጡልናል። ከዚያ እፍኝ ያነሱና ቆመው እየቆረጠሙ ስለ ገብሱ ይፈርዳሉ። አንዴ «ይሄ እሳት በዝቶበታል» ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነበር።

ለማንኛውም፣ ቅዳሜ ከሄዳችሁ ከስምንት ሰዓት በፊት ግቡ፣ ጭኮው ከአሥር ሰዓት አያልፍም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰብ ከነሕፃኑ ስለሚመጣ ለአራት ሰው ቦታ አይገኝም። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ግን አንዳንዴ ይቋረጣል። ለቤት የሚወሰድ ጭኮ ከፈለጋችሁ ቀን አስቀድማችሁ ለእትዬ ንገሯቸው፤ ዕቃውን ግን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን።