ጎማ ላይ የተጻፈው ዓመት በእኛ አቆጣጠር አይደለም

በደሴና በኮምቦልቻ መኪና የምታሽከረክሩ ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ ለፈጣን መኪና ሰፊና ለስላሳ ጎማ የምትፈልጉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ለቶዮታ 86 መኪናዬ ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ መደብር አራት ጎማ ገዛሁ። ሻጩ ያቀረበልኝ ስመ ጥር ፋብሪካ የሠራውን የስፖርት ጎማ ሲሆን፣ ያልተነዳና ጥርሱ ሙሉ መሆኑን እየማለ አንዱን በ9,500 ብር ሸጠልኝ፤ ይህም ሌላ ቦታ ከተጠየቅሁት ዋጋ ከሲሶ በላይ ያነሰ ነበር።

የተመረተበትን ጊዜ ሳልጠይቅ አልቀረሁም። በጎማ ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ የሚያበቃባቸው አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያመለክታሉ፤ በእኔዎቹ ላይ የተጻፈው 1412 ነው። ሻጩ በጣቱ እያሳየኝ «2012 ነው ወንድሜ፣ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ፀሐይ ሳያየው የኖረ ነው» ሲለኝ አመንኩት። እውነቱ ግን ፋብሪካዎቹ የሚጽፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የ2012 14ኛ ሳምንት በእኛ መጋቢት 2004 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አምስት ዓመቱ የተባለው ጎማ 13 ዓመት ያለፈው ነበር።

ይህ ማታለያ በእኛ አገር ብቻ የሚሠራና በቀላሉ የማይነቃ በመሆኑ አጥብቄ ላስረዳ። ሁለቱ አቆጣጠሮች በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያዩ፣ ያረጀ ጎማ ላይ ያለው ቁጥር ለእኛ ዓይን ቅርብ ዓመት መስሎ ይታያል። መጨረሻው 17 የሆነ ጎማ በእኛ በ2017 የወጣ ቢመስልም የተመረተው ግን በ2009 ወይም በ2010 ዓ.ም. ነው፤ እኔ በገዛሁበት በ2017 ዓ.ም. በቅርቡ ከፋብሪካ የወጣ ጎማ መጨረሻው 24 ወይም 25 መሆን ነበረበት። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ ጎማው ቸርኬ ላይ ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ጎን አገላብጡና አራቱንም ለየብቻቸው አንብቡ።

ዕድሜው ይህን ያህል የሚያሳስበኝ ለምን እንደሆነ የተረዳሁት ሐምሌ ውስጥ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ እንደምንል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ ከካፊያው ጋር መንገዱን እንደሚያለብሰው ታውቃላችሁ። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት እየወረድኩ ሳለ አንድ መታጠፊያ ላይ የመኪናዬ ኋላ በድንገት ተንሸራትቶ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና እየወጣበት ወደነበረው መስመር አዞረኝ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሾፌሩ ቀድሞ አይቶኝ ስለቆመ ተረፍኩ፤ ከጎኔ የተቀመጠችው እህቴ ግን እስከ ዛሬ ያ መኪና ውስጥ መግባት ትፈራለች።

በማግስቱ ደሴ ያለ ጎሚስታ ጎማዎቹን አውልቆ የሚያብረቀርቀውን ቅባት ሲያጥበው፣ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ሥር ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ታዩ። ጥፍሩን ላስቲኩ ላይ ሲጫነው ምንም አልሰረጎደም፤ የራሱን አዲስ ጎማ ሲጫነው ግን ምልክት ቀረ። የስፖርት ጎማ አስፋልት የሚይዘው ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ጎማው ባይነዳ እንኳን ሙቀትና አየር ላስቲኩን እየለወጡ ያደርቁታል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በእርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ብዙ አምራቾች ጎማ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲወልቅ ይመክራሉ። ስለዚህ ስሙ ከገነነ የ13 ዓመት ጎማ ይልቅ ስሙ ብዙም የማይታወቅ የዘንድሮ ጎማ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መጠኑ ብዙ አልልም፤ የእኔ መኪና የሚፈልገው 215/45 አር 17 ሲሆን ቀጥሎ ያለው 87 አንዱ ጎማ 545 ኪሎ መሸከም፣ ደብሊው ደግሞ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር መሮጥ እንደሚችል ያሳያል። እናንተም በመኪናችሁ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩት። የደሴ ነዋሪ ግን አንድ ነገር ይጨምር፤ ለሞቃት ወቅት ብቻ የተሠራ የስፖርት ጎማ አዲስም ቢሆን ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ስለሚጠነክር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እስኪሞቅ ድረስ በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል።

ጎማዎቹን ልመልስ ስሄድ ሻጩ «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። የሰጠኝ ማኅተም የሌለው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ ያለ ደረሰኝ ከማን ምን እንደገዛሁ ማስረዳት አቃተኝ። እናንተ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የአራቱ ጎማዎች ቁጥርም እዚያው ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካመነታ ግዢውን ተዉት።

ከመደብሩ ስወጣ ከእኔዎቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት ጎማዎች ቅባት ተቀብተው መደርደሪያው ላይ ነበሩ። ጠጋ ብዬ የሁለቱን ቁጥር አነበብኩ፤ ሁለቱም 1412 ናቸው።