ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ከጅማ ስለሚሸጠው የባሌ ተራሮች የብስክሌት ጉዞ

ጅማ ውስጥ ብስክሌት የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይም ቅዳሜ ጠዋት በአጋሮ መንገድ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ «ወደ ባሌ ተራሮች በብስክሌት፣ ከሙሉ ድጋፍ ጋር» እየተባለ ለሚሸጠው ጉዞ ቀብድ እንዳትከፍሉ እለምናችኋለሁ። ባለፈው ነሐሴ ይህንኑ ጉዞ ከዚሁ አዘጋጅ ገዝተው ከሄዱት አንዱ ነኝ። አሁን ደግሞ ከመስቀል በኋላ ለሚነሳ ቡድን ምዝገባ ተጀምሯል፤ ማስታወቂያው ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ ጨምሯል። አቤቱታችን ገና ስላልተቋጨ የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ማስታወቂያውን ያየ ሰው ግን የቱን እንደምል አይጠፋውም።

የተሸጠልን ነገር ሲነበብ ያማረ ነበር። ለአንድ ሰው 38,000 ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ። ከጅማ እስከ ሻሸመኔ በመኪና፣ ከዚያ በብስክሌት በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ሮቤና ጎባ፣ በመጨረሻም የሳኔቲ አምባ። ማደሪያ፣ ቁርስና እራት፣ መካኒክ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚሰጥ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ የማይለይ መኪና። ዋጋውን ዋጋ የሚያደርገው ይህ መኪና ነው። ሮቤ ላይ አልጋ ለመያዝ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል፤ ሽሮና ፍርፍርም የትም አይጠፋም። ሰው ያን ያህል ብር የሚያወጣው ዳገት መሀል ጉልበቱ ሲከዳው፣ ጎማው ሲፈነዳ ወይም በረዶ ሲወርድበት የሚደርስለት እንዲኖር ብሎ ነው። የገዛነው እሱን ነበር፤ ያላገኘነውም እሱኑ ነው።

በማስታወቂያው ልጀምር። ፎቶው ላይ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣው አስፋልት ባሌ አይደለም። ኢጣሊያ ውስጥ በአልፕስ ተራሮች የሚገኘው የስቴልቪዮ መተላለፊያ ነው፤ የብስክሌት ውድድር የሚከታተል ሁሉ በ48 መታጠፊያዎቹ ያውቀዋል። የስቴልቪዮ አናት ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ነው። የእኛዋ ጎባ ከተማ ደግሞ 2,740 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። የአውሮፓው ብስክሌተኛ ተራራውን ጨርሶ ፎቶ የሚነሳበት ከፍታ ላይ እኛ ገና ቁርስ እየበላን ነው። ሳኔቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚያው አምባው ላይ ያለው ከፍተኛ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ይህን ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ከጎባ ወደ ሳኔቲ የሚወጣው መንገድ ጠጠር መሆኑም አልተጻፈም። ድርጅቱ ብስክሌት ለሌላቸው ያከራየው ግን ቀጭን ጎማ ያላቸው የአስፋልት ብስክሌቶችን ነበር። ከኋላ ማርሾቻቸው ትልቁ 25 ጥርስ ብቻ ነው ያለው፤ ጥርሱ ባነሰ መጠን ዳገቱ ይከብዳል። እንዲህ ባለ ማርሽ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጅሬንን ዳገት የሞከረ ሰው ጉልበት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል። ያም የለመድነውን አየር እየሳብን፣ ቤታችን አጠገብ ነው።

ስለ አየሩ ትንሽ ልዘርዝር፤ በጣም ያስቆጣኝ እዚህ ላይ የተፈጸመው ነው። ጅማ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ለዚህም ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። የተሰጠን ፕሮግራም በዚህ በኩል ጥሩ ነበር፤ የመጀመሪያው አዳር ሻሸመኔ፣ ሁለተኛው ዶዶላ። ከተነሳን በኋላ ግን «ሻሸመኔ አልጋ ጠፋ» ተባለና ሁለቱም አዳሮች ተሰረዙ። ሌሊቱን ሚኒባስ ውስጥ አንገታችንን ደፍተን አነጋን። በብስክሌት ልናልፈው የከፈልንበትን የሻሸመኔና የአዳባ መንገድ በመስኮት አየነው። የመጀመሪያ አልጋችን ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችው ዲንሾ ሆነች። የሁለት ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ለማን እንደተረፈ መገመት አይከብድም።

በዚያች ሌሊት ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን መምህር ራሳቸውን ያዛቸው፣ ያስመልሳቸውም ጀመር። የቡድኑ መሪ «ጋሼ፣ ድካም ነው፤ ሻይ በማር ይጠጡና ይተኙ፣ ነገ ይለቅዎታል» አላቸው። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የታየበት ሰው እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከባሰበት ሳይዘገይ ወደ ታች መውረድ አለበት። ተራራ ላይ ሰው ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ይህን ካላወቀ ሌላ ምን ሊያውቅ ይገባል? የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ይሰጣል የተባለው ሰው አልመጣም፤ የዕርዳታ ሣጥኑም ፋሻና የራስ ምታት ክኒን ብቻ ነበረው። መምህሩን ከዲንሾ ዝቅ ወደሚለው ሮቤ በሌላ መኪና የላክናቸው እኛው ተሳታፊዎቹ አዋጥተን ነው። እዚያ ሲደርሱ ተሻላቸው።

ከኋላችን አይለይም የተባለው መኪና ደግሞ፣ ሚኒባሱ ሲመለስ የቀረልን አንድ ፒካፕ ነው። ከዲንሾ ስንነሳ ሻንጣችንን ጭኖ ከፊታችን ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሮቤ እስክንገባ አላየነውም። ሁለት ሰዎች ጎማ ፈንድቶባቸው መንገድ ዳር ተቀመጡ። መካኒኩ ፒካፑ ውስጥ ስለነበር እሱም የለም። በኋላ ቦርሳውን ከፍቼ ስመለከት ፒንሳ፣ መዶሻና ለተራራ ብስክሌት የሚሆን ባለ 26 ካላማዳሪያ አገኘሁ። የእኛ ጎማ ግን ባለ 700 የሚባለው፣ ከዚያ የሚተልቀው ነው። ልኩ ቢስማማ እንኳ የዚያ ካላማዳሪያ ወፍራም ቫልቭ በቀጭኑ የቸርኬ ቀዳዳ አያልፍም። ሰንሰለት ቢበጠስ የሚቀጠልበት መሣሪያም አልነበረም። ሰውዬው ቅን ሰው ነው፤ ነገር ግን የሞተር ብስክሌት ሠራተኛ እንጂ የዚህ ሙያ ሰው አይደለም። የቀጠረውም ድርጅት ይህን እያወቀ ነው።

የሳኔቲው ቀን ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ጠዋት ፒካፑ አብሮን ወጣ፤ ሹራብና የዝናብ ልብሳችንን እሱ ላይ ጭነናል፣ ዳገት ላይ ላብ ስለሚያጠምቅ ማንም ለብሶት አይወጣም። አምባው ላይ ከደረስን በኋላ ሹፌሩ «ነዳጅ ልቅዳ፣ አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ጎባ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ መጣ። ነሐሴ ላይ በዚያ ከፍታ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ በላብ የረጠበ ልብስ ለብሶ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ደግሞ ነፋሱ ይጨመራል። ከፊቴ ይወርድ የነበረው ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት የፍሬኑን መያዣ በእጁ አንጓ ለመሳብ ሲታገል አየሁት። የኪራይ ብስክሌቱ የፍሬን ጎማ በውኃና በአሸዋ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ብረቱ ቸርኬውን ሲፍቀው ከሩቅ ይሰማል። ጮኸን አስቆምነውና ሁላችንም ብስክሌታችንን እየገፋን በእግር መውረድ ጀመርን። ስልክ የሚሠራበት ቦታ አልነበረም።

ያወረደን ከደሎ መና ይመጣ የነበረ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ተማሪውን ጋቢና አስገብቶ በራሱ ጋቢ ጠቀለለው፣ የቀረነውን ከነብስክሌታችን ኋላ ጫነን። ጎባ ስንደርስ ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። እግዚአብሔር ይስጠው። ፒካፑን ያገኘነው እዚያው ጎባ፣ አንድ መጋዘን በር ላይ የገብስ ጆንያ ሲያራግፍ ነው። አዘጋጁ ከእያንዳንዳችን 38,000 ብር ተቀብሎ በእኛው መኪና የሰው እህል ያመላልስ ነበር። የዝናብ ልብሳችን ከጆንያው ሥር ተደፍጥጦ ወጣ።

ምግቡና ሆቴሉ ብዙም አያስወቅስም። የፓርኩ መግቢያ ግን «ተካቷል» ተብሎ ከኪሳችን ከፍለናል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው፤ ቦታው በሚገባ ቢታይ ኖሮ ደስ ብሎን እንከፍል ነበር።

ጅማ ተመልሰን ገንዘባችንን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ቀብድ አይመለስም» የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውሉን የሚያፈርሰው ቀብድ የሰጠው ወገን ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ የሚያፈርሰው ቀብድ የተቀበለው ከሆነ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የስቴልቪዮን አስፋልት አሳይቶ የሳኔቲን ጠጠር መሸጥ ትክክለኛ መረጃ አይደለም። እኛን ያዳከመን የማስረጃው ጉዳይ ነው። ክፍያው የተፈጸመው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው፤ የተሰጠን ደረሰኝም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው፣ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው። ክፍያ በግለሰብ ሒሳብ ይሁን ካሉ እዚያው ላይ ተዉት።

ከሌላ አዘጋጅ ጋር ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ የዘንድሮውን የታደሰ የንግድ ፈቃድ አይታችሁ፣ ውሉ ላይ እነዚህን አስጽፉ፦ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ እንደሚሄድ፤ መኪናው ሌላ ጭነትም ሆነ ሰው እንደማይጭን፤ የእያንዳንዱን ሌሊት ማደሪያ ከነከፍታው፤ አዳር ቢሰረዝ ገንዘቡ እንደሚመለስ። ሰው ቢታመም ወደ ታች የሚያወርደው የትኛው መኪና እንደሆነም ይጻፍ፤ ያለው አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ሌሎቹ ያለ ድጋፍ ቀሩ ማለት ነው። የኪራይ ብስክሌት ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጅማ ላይ ውሰዱትና ዳገት ላይ ሞክሩት፤ ትልቁ የኋላ ማርሽ ቢያንስ 32 ጥርስ ይኑረው፣ የፍሬኑ ጎማ አዲስ ይሁን። ወቅቱንም ምረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ቢወርድም ቀኑ ይነዳል። የዝናብ ልብሳችሁን ግን በየትኛውም ወር ለመኪና አትስጡ፤ ጀርባችሁ ላይ እሰሩት።

ለመጪው ጉዞ ቀብድ የከፈላችሁ ከሆነ፣ መነሻው ቀን ሳይደርስ የቡድኑን መኪናና ማደሪያ በጽሑፍ እንዲያሳውቋችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም፣ መልስ ማጣታችሁንም በማስረጃነት ያዙ። የባንክና የቴሌብር መልእክቶችን አታጥፉ፣ የማስታወቂያውንም ፎቶ አስቀምጡ። እኛ ማስረጃችንን አሰባስበን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብተናል፤ ከእኛ በፊት በዚህ አዘጋጅ የሄዱ ሰዎች እንዳሉም ሰምተናል። በዚሁ ጉዞ የተጎዳ ሁሉ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ አጋሮ ከመነሳታችን በፊት፣ የደረሰኙን ቅጂ ይዞ ፈረንጅ አራዳ ይምጣ፤ ስሙን ከአቤቱታው ጋር እናያይዛለን።