ሪቨርብ በየትራኩ ወይስ በአንድ የጋራ ቻናል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ የመንዝ ዘፈን የሚያቀናብር ሰው በእጁ ያለው ብዙውን ጊዜ ድምፃዊ፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባና ተቀባዮች ናቸው። ለእነዚህ ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁ በክፍል ውስጥ የሚያስተጋባ የሚያስመስል ኢፌክት፣ መስጫ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ሪቨርቡን በየትራኩ (እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው በተቀዳበት መስመር) ላይ መጫን ነው። ፈጣን ነው፤ ለአንድ ድምፅ ብቻ የተለየ ቀለም ሲፈለግም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስምንት ትራክ ስምንት ሪቨርብ ይሆንና አሮጌ ላፕቶፕ ያቃስታል። ከዚህ የሚከፋው ማሲንቆው በአዳራሽ፣ ጭብጨባው በመታጠቢያ ቤት የተቀዳ መምሰሉ ነው።

ሁለተኛው አንድ ሪቨርብ ባስ (bus) በሚባለው የጋራ ቻናል ላይ አስቀምጦ፣ ከየትራኩ የሚፈለገውን ያህል በሴንድ (የትራኩን ድምፅ ቅጂ ወደ ሌላ ቻናል በሚልከው መቆጣጠሪያ) መላክ ነው። ሁሉም በአንድ ክፍል የተቀመጡ ይመስላሉ። እዚህ ላይ የሪቨርቡ ድብልቅ 100 በመቶ ማስተጋባት ብቻ መሆን አለበት፤ አለዚያ ደረቁ (ሪቨርብ ያልነካው) ድምፅ በሁለት መንገድ ደርሶ ሚዛኑን ያዛባል። ሴንዱ ከፌደር (የትራኩን ድምፅ ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በኋላ ከሆነ፣ ድምፃዊውን ዝቅ ሲያደርጉ ማስተጋባቱም አብሮ ይወርዳል። ከፌደር በፊት ከሆነ ግን ድምፁ ጠፍቶ ማስተጋባቱ ይቀራል፤ ፉከራው ሲያበቃ እየራቀ የሚሄድ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ግሩም ነው። በዚያው ቻናል ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቢቆርጡ የከበሮው ጉምጉምታ ይጠራል።

እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የአንድን ድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚገራው ኮምፕረሰር ግን በራሱ ትራክ ላይ ይቀመጥ።