ሸረሪቷ ዞራ አየችኝ፦ ስልክ ላይ ስለሚቆነጠጠው ማክሮ ሌንስ

ማክሮ ሌንስ ጥቃቅን ነገሮችን በጣም ተጠግቶ ለማንሳት የሚሆን ሌንስ ነው። የእኔው በጣም ትንሽ ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ክብ ሌንስ የልብስ መቆንጠጫ በሚመስል ነገር ላይ ተገጥሟል። ስልኩ ካሜራ ላይ ትቆነጥጡታላችሁ፣ አለቀ። ባትሪ የለውም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ አፕ አውርዱ አይልም። ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖታል። ከሺህ በላይ ፎቶ አንስቼበታለሁ፤ አብዛኛውን አጥፍቼዋለሁ፣ የቀረውን ግን ድካም ሲሰማኝ ጋለሪዬን ከፍቼ አየዋለሁ፣ አንዳንዱ እስካሁን ብቻዬን ያስቀኛል። ልትገዙ ካሰባችሁ ያየሁትን ሁሉ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ስላለው ቁጥር። በትልቁ «10 እጥፍ» ይላል። ይህን አይታችሁ ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር አሥር ጊዜ ይገዝፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ቁጥሩ የመጣው ከእጅ ማጉያ መነጽር ስሌት ነው። ሰው አንድን ነገር አጥርቶ ለማየት ከዓይኑ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ያርቀዋል ተብሎ ይወሰዳል፤ የሌንሱ የትኩረት ርቀት (ከሩቅ የመጣን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት) 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 25 ሳንቲ ሜትሩ ማለትም 250 ሚሊ ሜትሩ ለ25 ሲካፈል 10 ይመጣል። ሌንሱ በተግባር የሚያደርገው ግን ስልኩ እንዲጠጋ መፍቀድ ነው። የስልክ ዋናው ካሜራ አንድ ነገር አፍንጫው ሥር ሲመጣ ብዥ ይልበታል። ይህን ሌንስ ስታደርጉለት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቶ ጥርት አድርጎ ያያል። እንዲያውም ከዚያ ርቀት ውጭ ምንም አያይም። ትንሽ ራቅ ካላችሁ ጭጋግ፣ ትንሽ ከቀረባችሁም ጭጋግ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ይሄ ነገር አናደደኝ። ዙም ማድረግ የለመደ ሰው ቆሞ ከሩቅ ማንሳት ይፈልጋል። እዚህ ግን መንበርከክ አለ፣ በሆድ መተኛት አለ፣ ትንፋሽ መያዝ አለ። ቢራቢሮ ሁለት ጣት ያህል እስክትቀርቧት ቁጭ ብላ አትጠብቃችሁም። በኋላ ግን ገባኝ፤ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ይሄው ነው። ለመቅረብ ቀስ ማለት ግድ ነው። ቀስ ስትሉ ደግሞ ነፍሳቱ ይረሷችሁና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አስቂኙም ነገር፣ የሚያስደንቀውም ነገር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ጥሩ ፎቶ ያነሳሁት መስኮት ላይ ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ፀጉራም ሸረሪት። ድር ሠርተው ከሚጠብቁት አይደለችም፣ ዘላይ ሸረሪት ከሚባሉት ናት፤ እነሱ አድብተው ነው የሚያድኑት። ስልኩን ቀስ ብዬ አስጠጋሁ። ስክሪኑ ላይ ፊት መጣ። በቃ ፊት! ከስምንቱ ዓይኖቿ አራቱ በግንባሯ ተደርድረዋል፣ መሃል ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ተልቀዋል፣ ከሥራቸው ጢም የመሰለ ፀጉር አለ። የዚህች ሸረሪት የጎን ዓይኖች የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ መላ ሰውነቷን ታዞርና በትልልቆቹ አጥርታ ታየዋለች። ስለዚህ ስልኩን ወደ ግራ ሳደርገው ወደ ግራ ዞረች። ወደ ቀኝ ስወስደው ወደ ቀኝ። አጠገቤ የነበረችው የእህቴ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ስክሪኑን ትኩር ብላ አይታ «አጎቴ፣ እሷም እኛን ፎቶ እያነሳችን ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ሸረሪቷ ዘለለች። ሌንሱን ስታው በክሯ ተንጠለጠለች። እነዚህ ሸረሪቶች ተራራ የሚወጣ ሰው ገመዱን እንደሚያስር፣ ከመዝለላቸው በፊት ክራቸውን ከቆሙበት ላይ ያጣብቁታል። ተንጠልጥላ ትንሽ ተወዛወዘች፣ ክሯን ይዛ ወጣች፣ ተመልሳ መጥታ እንደገና አየችን። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ያ ፎቶ ትንሽ ብዥ ያለ ነው፣ ከሁሉም ግን እሱን ነው የምወደው።

ከዚያ በኋላ ሱስ ሆነብኝ።

አንድ ቀን ጉንዳን ሳነሳ እናቴ ከትከሻዬ በላይ አይታ «ውይ፣ ፊቷን እየታጠበች!» አለች። እውነቷን ነው። ጉንዳን የፊት እግሯ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ትንሽ ቦታ አላት፤ አንቴናዋን እዚያ ውስጥ አስገብታ እየሳበች ታጸዳዋለች። የምታሸተው በአንቴናዋ ስለሆነ አቧራ ከያዘው መንገዷም ይጠፋባታል። «እየታጠበች» መባሏም ልክ ነው፤ መንገድ ላይ የምናያቸው ሠራተኛ ጉንዳኖች ሴቶች ናቸው። በእኛ ዓይን ጥቁር ነጥብ ናት። ሁለት ጣት ስትቀርቧት ጠዋት ተነስታ ለሥራ የምትዘጋጅ ሰው ትመስላለች።

ዝንብም እንደዚሁ። እጁን የሚያፋትገው ክፉ ነገር አስቦ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ፎቶው ላይም በትክክል እንደዚያ ነው የሚመስለው። ዝንብ ግን ጣዕም የሚለየው በእግሩ ጭምር ነው። ያረፈበትን ነገር ረግጦ ይቀምሰዋል። ስለዚህ እግሩን ማጽዳት ለእሱ ምላስን እንደማጽዳት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዝንብ እጄ ላይ ሲያርፍ ሌላ ዓይነት ስሜት ይሰማኛል።

የጽጌረዳ ግንድ ላይ ደግሞ ክሽክሽ አለ፤ ገበሬም አትክልተኛም የማይወደው ያ አረንጓዴ ትንሽ ተባይ። እኔም አልወደውም ነበር። በሌንሱ ስታዩት መንደር ነው። ክሽክሾቹ አፋቸውን ግንዱ ውስጥ ተክለው ይመጥጣሉ፤ ጉንዳኖች በመሃላቸው እየተዘዋወሩ በአንቴናቸው ኋላቸውን መታ መታ ያደርጓቸዋል፤ ጣፋጭ ጠብታ ትወጣለች፤ ጉንዳኗ ትጠጣታለች። ላም ማለብ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ክሽክሽ ሊበላ የመጣ ጥንዚዛም ካለ ያባርሩታል። እረኝነቱም የተሟላ ነው ማለት ነው። ይህን ቪዲዮ ቀርጬ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየሁበት፣ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ።

ቀንድ አውጣን ለብቻ ላንሳ። ስሙን አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ትእዛዝ ነው እኮ፦ «ቀንድ አውጣ!» እሱም ታዛዥ ነው፤ ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁት ያወጣል። መጀመሪያ አጫጭሮቹ ሁለቱ፣ ከዚያ ረጃጅሞቹ፣ በረጃጅሞቹ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ፦ ዓይኑ ናት። አንዱ ቀንድ ቅጠል ሲነካ ብቻውን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ሆኖ ያያል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስብ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። አፉ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፣ እንደ ሞረድ ቅጠሉን ይፍቁታል። እነሱን ግን ይህ ሌንስ አያሳያችሁም፣ አቅሙ እዚያ አይደርስም።

ጠዋት ጤዛ ካለ የሸረሪት ድር ፈልጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለውን አስር ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ድሩን ራሱን ግን አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። በእያንዳንዱ ክር ላይ ጠብታ ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ጠብታ ደግሞ ራሱ ሌንስ ነው፤ ከጀርባ ያለችው አበባ በሁሉም ውስጥ ተገልብጣ ትታያለች። አንድ አበባ ነበረች ከኋላ። ፎቶው ላይ ስቆጥር ሠላሳ አራት ደረሰች።

ከቤት መውጣት ለማይችል ሰውም የሚሆን ነገር አለ። ጨው በትኑና እዩት፤ ብዙዎቹ ፍሬዎች ትንንሽ ኪዩብ ናቸው፣ ሰው የቆረጣቸው ይመስላሉ። መጽሔት ላይ ያለ የቀለም ፎቶ በሌንሱ ሲታይ የሰማያዊ፣ የሮዝ፣ የቢጫና የጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ነጭ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተደርድረው ዓይናችንን ነጭ ነው ያሰኙታል። የሸሚዜን እጅጌ ሳይ ክሩ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎች የክር ጥራት በማጉያ ሌንስ ያዩ ነበር። ከነሱ አንዱ የኔዘርላንድሱ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ነው። በገዛ እጁ ጥቃቅን ሌንስ እየሠራ ከጨርቅ አልፎ ውሃ ማየት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1676 ጠብታ ውሃ ውስጥ ያያቸውን በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጽፎ ላከ። እስከ ዛሬ ከተረፉት መሣሪያዎቹ አንዱ ወደ 270 ጊዜ ያጎላል። አንዲት ሌንስ ብቻ ናት ያለችው። የእኔ ከዚያ ጋር አትወዳደርም፣ ግን ከክር ጀምሮ ወደ ውሃ እንዴት እንደሄደ አሁን በደንብ ይገባኛል።

አሁን ወደ ችግሮቹ።

ብርሃን ዋናው ነው። ይህን ያህል ስትጠጉ ስልኩ ራሱ ጥላ ይጥላል፣ ቤት ውስጥ ማታ ከሆነማ ተዉት። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ነው የሚሻለው። ሁለተኛ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ጥልቀቱ በጣም ስስ ነው፤ የጉንዳኗ ዓይን ከጠራ እግሯ ብዥ ይላል። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው ያሳየኝ የማስታወቂያ ፎቶ ላይ ነፍሳቱ ከራስ እስከ ጅራት ጥርት ያሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ፎቶ በአብዛኛው የሚገኘው ፎከሱን ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሱ ብዙ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር በመደራረብ ነው። በዚህ ሌንስ አንዴ ጠቅ በማድረግ አይገኝም፣ ይህን ደብቆ መሸጥ ልክ አይደለም። ሦስተኛ፣ የፎቶው ዳርና ዳር ይደበዝዛል፣ የወይን ጠጅና የአረንጓዴ ጠርዝ ያወጣል። የምትፈልጉትን ነገር መሃል አድርጉና በኋላ ቁረጡት።

ስልካችሁ ሦስት አራት ካሜራ ካለው ደግሞ ዋናው የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። አንዳንድ ስልክ ስትጠጉ በራሱ ወደ ሌላኛው ካሜራ ይቀይራል፣ ሌንሱ ግን የቀድሞው ላይ ነው ያለው፤ እኔ ይህን እስካውቅ ሌንሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከሴቲንግ ውስጥ አጥፉት። ወፍራም ከቨር ካላችሁ መቆንጠጫው አይቀመጥም፣ ማውለቅ ነው። የመቆንጠጫው ጎማ በስድስተኛው ወር መላላት ጀምሯል፣ ክር ጠምጥሜበት እየሠራሁ ነው። ለዚህ ነጥብ እቀንሳለሁ።

አዲስ ስልክ ያላችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሞክሩ። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 13 ፕሮ ጀምሮ በሰፊ ማዕዘኑ ካሜራ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተጠግቶ የሚያነሳ ሞዴል አለው፣ ሌሎች ስልኮችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ያ ካላችሁ ይህ ሌንስ ያን ያህል ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አንዳንድ ስልክ ላይ ያለው 2 ሜጋፒክሰል «ማክሮ ካሜራ» ግን እኔ ሞክሬው ደስ አላለኝም፤ ከእሱ ይህ በብዙ ይሻላል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። አንዱን ፎቶ ብቻ አታንሱ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ በተከታታይ ሃያ ሠላሳ አንሱና አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን አጥፉ። ሁለተኛው፣ ነፍሳቱ እንዲረጋ ብለው ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በጣት ይዞ ማስተካከልም ይቅር። አንዷ ብትሄድ ሌላዋ ትመጣለች፣ የሚያስቀውም እነሱ በፈቃዳቸው ሲያደርጉት ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን ኮከብ የወሰደው ጎማውና የማስታወቂያው ፎቶ ነው። ቢጠፋብኝ ነገውኑ ሌላ እገዛለሁ።

ዛሬ ጠዋት ይህን ልጽፍ ስነሳ ከእህቴ ልጅ ጋር መስኮቱ ላይ ሸረሪቷን እየፈለግን ነበር። አላገኘናትም። ስልኩን ይዤ ስጠብቅ አንድ ዝንብ መጣና ሌንሱ መስታወት ላይ ራሱ አረፈ። ጠቅ አደረግሁ። ፎቶው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፣ ምንም አይታይም። ልጅቷ ግን ስለ ዝንብ እግር የነገርኳትን አልረሳችም። «አጎቴ፣ ሌንሱን ቀመሰው!» አለች። ፎቶውን እንዳላጠፋው አስምላኛለች።